ወረቀቱን ሳያዩ መሳል

ጡረታ የወጣ ሰው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚለብስ የሚመክረው የለም። ሰውዬው ቁም ሣጥኑ ፊት ቆሞ ሸሚዝ ሲቀያይር ሚስቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትታዘበዋለች። ነጩን ለበሰ፣ አወለቀ። ሰማያዊውን ለበሰ፣ መስታወት አየ፣ እሱንም አወለቀ።

"ምነው፣ ሌላ ልታገባ ነው እንዴ?" አለችው። "ቀለም ይነካሃል፤ አሮጌውን ልበስ።"

"በመጀመሪያው ቀን ደሞ ምን ቀለም አለ?"

"እኔ ምን አውቄ። ተማሪው አንተ ነህ።"

ተማሪው አንተ ነህ ስትለው ልቡ ዘለለች። አሮጌውን ሸሚዝ አጠለቀ፣ ከበሩ የሚሰፋውን የስዕል ቦርሳ በጎን በጎኑ ታግሎ አወጣና ምሳውን ረስቶ ሄደ። ሚስቱ በመስኮት ብትጣራ አልሰማትም። ወደ ሥራ ሲሄድ እንኳን ሊሮጥ ፈጠን ብሎ ሲራመድ አይታው የማታውቀው ሰው፣ ያን ዕለት መንገዱን በሩጫ ተሻገረው።

ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ውሃ መሥሪያ ቤት ነው። የትኛው ቧንቧ በየትኛው መንገድ ሥር እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚታጠፍ፣ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳየውን ንድፍ ሲያሰምር ነው ፀጉሩ የሸበተው። ሥራውን አይጠላውም ነበር፤ ግን አልመረጠውም። ወጣት ሳለ ምኞቱ ሰዓሊ መሆን ነበር። አባቱ በድንገት ሲሞት ታናናሾቹን የሚያሳድግ ጠፋና ስዕሉን ትቶ ደሞዝ ያለበት ገባ። ታናናሾቹ አደጉ። ከዚያ የራሱ ልጆች መጡ፤ እነሱም አድገው ወጡ። ጡረታ በወጣ በማግስቱ፣ እንደ ሰው አረፍ ብሎ ጋዜጣ ሳያነብ፣ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ክፍል የመግቢያ ፈተናው መቼ እንደሆነ ሊጠይቅ ሄደ። ተፈተነ። በጭንቅም ይሁን በምን፣ አለፈ።

እና ያ አንደኛ ዓመት! እንደሱ ያለ ዓመት አሳልፎ አያውቅም። ሦስት ቀለምና ነጭ ብቻ ሰጥተዋቸው፣ ከመስኮቱ ማዶ ያለውን ግድግዳ ግራጫ አምጡ አሏቸው። ግራጫ ምን ቁም ነገር አለው፣ ጥቁርና ነጭ አይደል እንዴ ብሎ ተነሳ። ጥቁር ግን አልተሰጠውም። ሲደባልቅ ጭቃ ወጣ፣ ሲደባልቅ የሻገተ አረንጓዴ ወጣ፣ እንደገና ሲደባልቅ ስሙን የማያውቀው ነገር ወጣ። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል በብሩሹ ጫፍ ቀይ ጠብ አደረገበትና የተቀባውን ቁራጭ ወረቀት መስኮቱ ላይ ቢይዘው፣ ወረቀቱ ግድግዳው ውስጥ ጠፋ። እጁ ብቻ ቀረ። "መጣ! መጣልኝ!" ብሎ ሲጮህ የክፍሉ ልጆች ደንግጠው ዞሩ።

የወንበርን እግር ሳይሆን በእግሮቹ መሃል ያለውን አየር መሳል ተማረ። ሸክላ በአውራ ጣቱ እየገፋ ጆሮ ሠራ። ፊደል በመቀስ ቆርጦ በፊደልና በፊደል መሃል ስንት ባዶ ቦታ እንደሚበቃ በዓይኑ መዘነ። ቤት ሲገባ ወንበር ይገለብጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሽንኩርት ማንም እንዳይነካው ያውጃል።

"ላበስልበት ነው እኮ!" ትላለች ሚስቱ።

"ጥላውን ልጨርስ!"

"ጥላውን ብላ እንግዲያው።"

ችግሩ አንድ ነበር። ችግሩ ደግሞ የመጣው ዋናው ላይ ነው፣ እርሳስ ይዞ ሰው መሳል ላይ።

በመጀመሪያው የስዕል ክፍለ ጊዜ መምህርቷ፣ ከሱ የመጨረሻ ልጅ ብዙም የማትበልጥ፣ እጅጌዋ ሁልጊዜ በከሰል የጠቆረ ሴት፣ "እጃችሁን ፍቱት፤ ዝም ብላችሁ እንደመጣላችሁ መስመር አስምሩ" አለች። ሁሉም ሞነጫጨረ። እሱም እንደመጣለት አሰመረ። አጠገቡ የተቀመጠችው ፍንጭት ልጅ አየችና ዓይኗን ማመን አቅቷት ማስመሪያዋን አውጥታ መስመሩ ላይ አስቀመጠችው። ልክ ገጠመ። ከዚያ ቀን ወዲያ ስሙ ጋሽ ማስመሪያ ሆነ። እሱም አልከፋውም፤ እንዲያውም በመጀመሪያ ሰሞን ሙገሳ መስሎት ነበር።

ሙገሳ እንዳልሆነ የገባው አርብ ነው። አርብ አርብ ሁሉም የሳምንቱን ሥራ ያለ ስም ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። ክፍሉ እየዞረ ያየውን ይናገራል። የሳለው ሰው ግን ዝም ማለት አለበት። ቢመሰገንም ዝም፣ ቢሰደብም ዝም። አፉን የከፈተ የክፍሉን እርሳስ በሙሉ በምላጭ ይቀርጻል። ጋሽ ማስመሪያ በሁለተኛው አርብ፣ "ጥላው እኮ ልክ ነው፤ መብራቱ በዚያ በኩል ነበር!" ብሎ ተነስቶ እስኪመሽ ሲቀርጽ ዋለ። ከዚያ በኋላ ምላሱን መያዝ ተማረ። ዝምታው ግን ምንም አልጠቀመውም፤ ምክንያቱም ስም ባይጻፍበትም የሱ ሥራ ከሩቅ ይታወቃል። ገና ሲሰቀል ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ጋሽ ማስመሪያ!" ይላል።

አንድ አርብ መምህርቷ ፍንጭቷን የሳለበት ወረቀት ፊት ብዙ ቆመች። "ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ነው" አለች። "ቧንቧዎቹ ይታዩኛል። ልጅቷ ግን የለችም።"

ክፍሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። የዓመቱ መጨረሻ ግን እየደረሰ ነበር። ተማሪዎቹ በሥራቸው ተመዝነው ለሁለተኛ ዓመት ይመደባሉ፣ አንዳንዱ ስዕል፣ አንዳንዱ ቅርጻ ቅርጽ፣ አንዳንዱ ዲዛይን። መምህርቷ ከክፍል ሲወጡ ለብቻው አቆመችውና በጨዋ ደንብ፣ ግን ሳትሸፋፍን ነገረችው።

"እርስዎ ቴክኒካል ንድፍ ቢመደቡ ይሻላል እያሉ የሚሟገቱ መምህራን አሉ። እውነቴን ነው፣ እዚያ ቢገቡ አንደኛ ነዎት።"

"ከሱ ሸሽቼ እኮ ነው የመጣሁት፣ መምህር" አለ።

"አውቃለሁ። ማስመሪያው የማይሸተኝ አንድ ፊት ያምጡልኝ፤ አንድ ብቻ። ስዕል ክፍል እንዲገቡ እኔ ራሴ እሟገታለሁ።"

በሚቀጥለው ሳምንት ካርቶን አስያዘቻቸው። ካርቶኑን መሃሉን ቀዱት፣ እርሳሱን በቀዳዳው አሾለኩት፤ እጅም ወረቀትም ከካርቶኑ ሥር ተደበቀ። ሕጉ ቀላል ነው። አጠገብህ ያለውን ሰው ፊት ትስላለህ፣ እርሳሱ ከወረቀቱ አይነሳም፣ ዓይንህ ከፊቱ አይነሳም፣ የምትስለውን አታይም።

"ጉንዳን ፊቱ ላይ እየሄደች ነው በሉ" አለች መምህርቷ። "ጉንዳኗ ስትወጣ ውጡ፣ ስትወርድ ውረዱ። የት እንደምትደርሱ አትጨነቁ።"

አትጨነቁ ማለት ለሷ ቀላል ነው። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ መስመር የት እንደሚያርፍ ሳያይ አስምሮ አያውቅም። በውሃ መሥሪያ ቤት የት እንዳረፈ ያላየኸው መስመር ማለት የተቆፈረ አስፋልትና የአንድ ሰፈር ሰው ጩኸት ማለት ነው። ከፍንጭቷ ግንባር ተነሳ፣ ወደ አፍንጫዋ ወረደ፣ ላብ አጠመቀው። ካርቶኑን በትንሹ ጣቱ ቀና አድርጎ አንዴ ወረቀቱን ሰረቅ አድርጎ አየ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ከዚያማ ለመደው።

አርብ ሥራዎቹ ተሰቀሉ። ጉድ ነበር! አፍንጫ ጆሮ ላይ ወጥቷል፣ ዓይን ከፊት ወጥቶ ሄዷል፣ የአንዱ አገጭ ደረቱ ድረስ ወርዷል። ክፍሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። በዚያ ሁሉ መሃል አንድ ፊት ቁጭ ብሏል፣ ዓይኑ በዓይን ቦታ፣ አፍንጫው በአፍንጫ ቦታ፣ ልክ እንደ መታወቂያ ፎቶ።

ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ለመጀመሪያ ጊዜ "ጋሽ ማስመሪያ" ያለ የለም። ሁሉም ወለሉን ያያል። ፍንጭቷ እንኳ ጥርሷን ደበቀች።

"ይሄ በጣም ልክ ነው" አለች መምህርቷ በቀስታ። "ልክ ስለሆነም ውሸት ነው።"

መናገር አይፈቀድለትም፤ ቢፈቀድለትስ ምን ይላል? በዚያ ዕድሜው እንደ አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሲሰርቅ ተያዘ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ፊቱ ጋለ፣ ጆሮው ጋለ፣ አንገቱን ደፍቶ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ጫማውን ሲያይ ቆየ። መምህርቷ አልተቆጣችም። የመጨረሻው ፈተና በዚሁ መንገድ፣ ካርቶን ይዘው፣ ሁሉም ባሉበት እንደሚሆን ብቻ ተናግራ ወጣች።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። ታጽናናኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ጠረጴዛውን ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

"አንተ ሰውዬ! ኮረጅክ? አንተ?"

"አትሳቂ። ስዕል ክፍል ላልገባ ነው።"

ይህን ሲላት ፊቱን አየችውና ሳቋን ገታች። ጓዳ ገብታ ሽርጧን ይዛ ተመለሰች። "ቁጭ በል" አለችው። ወረቀት ፊቱ አስቀመጠች፣ እርሳስ አስያዘችው፣ እጁንም ወረቀቱንም ሽርጡን ጣል አድርጋ ሸፈነችው። ከፊት ለፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጇን አጣጥፋ፣ "በል እኔን ሳል" አለችው። "ሽርጡን የነካህ እንደሆነ እራት የለም።"

የመጀመሪያው ቀን አልሆነለትም። ዓይኑ በየደቂቃው ወደ ሽርጡ ይሸሻል። እሷ ታዲያ ዘብ ነች፤ "ወዴት ነው! እዚህ እየኝ!" ትለዋለች። በማግስቱ ትንሽ ተሻለ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ፊቷ ላይ ረጋ። ከግንባሯ ተነስቶ ቀስ እያለ ወረደ። ቅንድቧ መሃል ላይ ትንሽ ሳሳ እንደሚል አየ። ጉንጯ ከአንደኛው ይልቅ ሌላኛው ሞላ ያለ እንደሆነ አየ። እሱ ሳያውቀው ምላሱ በጥርሱ መሃል ወጥቶ ነበር፣ እንደ ሕፃን። ያኔ አንድ ነገር ተከሰተ። አገጯ ሸብሸብ አለ። ቀጥሎ አንዱ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ነፋ አለ። ከንፈሯ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ኮስተር እንዳለ ነው።

"ሳቅሽን ይዘሻል" አለ፣ እጁ ሳይቆም።

"አልያዝኩም።"

"ይዘሻል። አገጭሽ ቀድሞ ይሸበሸባል፣ ከዚያ አፍንጫሽ ይነፋል። ከንፈርሽ ብቻ ነው የሚዋሸው።"

ሚስቱ ያጣጠፈችውን እጅ ፈታች። "መቼ አየኸው?" አለችው።

"አሁን።"

"ልጆቻችንን ድረን እኮ ጨርሰናል።"

አፈረ፤ ግን ደግሞ ከማፈሩ ይልቅ ደስ አለው። ሰው ለዘመናት በኖረበት ቤት ውስጥ ድንገት አንድ በር ከፍቶ የማያውቀውን ክፍል እንዳገኘ ያለ ደስታ ነው። "አትንቀሳቀሺ፣ አትንቀሳቀሺ!" እያለ ሌላ ወረቀት ሳበ። ያን ምሽት እራት ዘገየ፣ ማንም ግን አልተቆጣም።

የፈተናው ቀን ከቤት የወጣው ቀድሞ ነው፤ ምሳውን ያዘ፣ እርሳሱን ያዘ፣ ካርቶኑን ያዘ። የረሳው የቅርብ መነጽሩን ነበር። ያለ መነጽሩ ደግሞ አፍንጫው ሥር ያለ ወረቀት ጭጋግ ነው። ክፍል ገብቶ ኪሱን ሲዳብስ ነው የገባው።

ሌላም ጉድ ተጨመረ። ሞዴል ሆኖ የሚቀመጥላቸው የግቢው አትክልተኛ ታሞ ቀረ። መምህርቷ ማንን ላስቀምጥ እያለች በሩ ላይ ቆማ ሳለ ሚስቱ መነጽሩን በእጇ ይዛ እያለከለከች ደረጃውን ወጣች።

"ይቅርታ፣ ይሄን የረሳ ሽማግሌ እዚህ ይኖራል?"

ክፍሉ ፈነዳ። መምህርቷ ሴትየዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ፊቷን ወደደችው መሰለኝ፣ ክንዷን ይዛ አስገባቻት። "እናቴ፣ ለትንሽ ጊዜ ቢቀመጡልንስ?"

"እኔ? እንዲህ ሆኜ?"

"እንደዚሁ ሆነው።"

መሃል ወንበሩ ላይ አስቀመጧት። መነጽሩን ለባሏ ልታቀብል እጇን ዘረጋች። እሱ ግን ወረቀቱን አየ፣ ጭጋጉን አየ፣ ከዚያ እሷን አያት። ፊቷ ከዚያ ርቀት ጥርት ብሎ ይታየዋል።

"አንቺ ጋ ይቀመጥ" አላት።

ክፍሉ መሳል ጀመረ። ከእርሳስ ድምፅ በቀር ምንም የለም። ሚስቱ መነጽሩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ልጆች ፊት ነውና እንደ ዳኛ ተኮሳትራ ተቀመጠች። እሱ ከግንባሯ ተነሳ። ጉንዳኗ ወረደች፣ እሱም ወረደ። የት እንደደረሰ አያውቅም፣ ማወቅም አላማረውም። እጁ የሱ ያልሆነ ያህል በራሱ ይሄዳል። ልቡ ይመታል፣ ግን በፍርሃት አይደለም። ምላሱ ወጣ። ወንበሩ ላይ ያለችው ሴት ደግሞ ያቺን ምላስ አየቻት።

ሲጨርሱ ሁሉም ስሙን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፎ አስረከበ፣ ሥራዎቹም ተሰቀሉ። ግድግዳው በአንዲት ሴት ፊት ተሞላ። ሚስቱ አፏን በእጇ ይዛ፣ "ውይ እኔን፣ ምን አድርገውኛል!" ትላለች። አንዱ ላይ ሦስት ዓይን አላት። አንዱ ላይ አንገቷ ጠፍቷል። ክፍሉ እየዞረ መናገር ጀመረ፤ ጋሽ ማስመሪያ እጁን ኋላው አጣምሮ፣ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ።

አንድ ወረቀት ፊት ሲደርሱ ሁሉም ቆሙ። እዚያ ላይ አፍንጫው ወደ ጎን ሸሽቷል፣ አንዱ ጆሮ ትከሻ ላይ አርፏል። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ግን ሰው አለበት።

"ይሄ የማነው?" አለች መምህርቷ።

"የፍንጭቷ!" አለ አንዱ።

"የኔ አይደለም፤ በሆነልኝ!"

ሌላ ስም ተጠራ፣ ሌላም። የሱን ስም የጠራ የለም። ጋሽ ማስመሪያ ደስታው ሊያመልጠው ደረሰ። በዚህ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አላወቁትም! ጣቶቹን ቆነጠጠ፣ ጣሪያውን አየ፣ ምላሱን ነከሰ።

ሕጉን የማታውቀው ሚስቱ ግን ተነስታ በልጆቹ መሃል አልፋ ወረቀቱ ጋ ተጠጋች።

"ይሄማ የባሌ ነው" አለች።

"በምን አወቁ?" አለች መምህርቷ።

"ሌላው ሁሉ ኮስታራ ሴትዮ ነው የሳለው። ተኮሳትሬም ነበር፣ እናንተን አፍሬ። ግን ያንን ምላሱን ሳይ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።" በጣቷ ሸብሸብ ያለውን አገጭ ነካች፣ ቀጥሎ ነፋ ያለውን አፍንጫ። "ይኸው። ይሄን ያየው እሱ ብቻ ነው።"

መምህርቷ ወረቀቱን ገልብጣ ከጀርባው ያለውን ስም አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ሁሉ ሳቅ ሆነ።

"የኔ ነው!" ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ በላይ መያዝ አልቻለም። "የኔ ነው! ሳላይ ነው የሳልኩት! በእናቴ አላየሁም!"

ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ፍንጭቷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። መምህርቷ ጫጫታው እስኪበርድ ጠብቃ፣ "ስዕል ክፍል፣ ሁለተኛ ዓመት፣ እዚያ እንገናኛለን" አለችው። ቀጥላም ከመሳቢያዋ ምላጭ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። "ሕግ ግን ሕግ ነው። ተናግረዋል።"

ልጆቹ እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ከምረውለት እየተንጫጩ ወጡ። እሱ ተቀምጦ መቅረጽ ጀመረ። ሚስቱ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ጣቱን እንዳይቆርጥ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰካችለት፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለችውን ጆሮዋ ትከሻዋ ላይ ያረፈ ሴት ብዙ አየቻት።

"እንዲያው ልጠይቅህ" አለችው። "ይሄን ሁሉ ዓመት ሳቄን የምይዘው ማን እንዲያይልኝ ይመስልሃል?"

እርሳሱንም ምላጩንም አስቀመጠና ቀና ብሎ አያት። አገጯ እየተሸበሸበ ነበር።